አባትህን ያናገረው ክርክር

ልጄ ቴሌስፎር፣ ቦይ በምትቆፍሩበት በፓናማ ምድር እመቤታችን ከወባ ትሰውርህ። እኛ አሁን ደህና ነን።

እንዳትሰጋ ብዬ ደበቅኩህ እንጂ፣ አባትህ ሽመና ፋብሪካው ውስጥ ወድቆ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ ነበር። አንደበቱም ተያዘ። ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠንም።

እሑድ ጎረቤታችን ኦርሚዳስ ሊጠይቀው መጣ። ፊላደልፊያ ከተማ ሰንብቶ ስለነበር ቤዝቦል የሚሉትን፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ ወሬ ጀመረ።

“ሁለተኛውን ቤዝ ከሚጠብቁት ተጫዋቾች እንደ ፊላደልፊያው ኮሊንስ ያለ የለም። ሯጭ ነው፣ ብልህ ነው። የከተማችን ልጅ ላጆይማ አርጅቷል” አለ።

እኔ ሾርባ እያጎረስኩት ነበር። አባትህ ማንኪያውን በግራ እጁ ገፋና፣ “ዝም በል... አንተ ደንቆሮ!” አለ።

ኦርሚዳስ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠግቶ፣ “እሺ፣ ላጆይ በምን ይበልጣል?” አለው።

“ሲመታ... አይተኸዋል? ኳስ ሲይዝስ? እንደ... ዳንስ!”

ሾርባውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ኦርሚዳስ በየቀኑ እየመጣ ያናድደዋል፤ ቃሉም እየተፈታ ነው።

ልጄ፣ ሥጋ ብላ፣ ውሃውን አፍልተህ ጠጣ። እጄ ላይ ያደግክ ልጅ፣ በሰላም ግባልኝ። ለአባትህ ስትጽፍ ደግሞ፣ እባክህ፣ ኮሊንስ ይበልጣል በለው።

እናትህ ዴልፊን