የግቢያችን ሽታ እና ወ/ሮ ላን

ሰኞ፣ የካቲት 2። ከጠዋቱ 1፡40

ደም ግፊት፦ ደህና። የእግር ጉዞ፦ እስከ አስፋልቱ ደርሶ መልስ። ሽታው ዛሬም አለ። ስድስተኛ ቀኑ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጤና ኢንስፔክተር ሆኜ ሠርቻለሁ። የቄራ፣ የቆዳ ፋብሪካ፣ የምግብ ቤት ጓዳ ሽታ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። ይሄኛውን አላውቀውም። ጨው ጨው ይላል። ፀሐይ ሲበረታ ይብሳል፣ ሲመሽ ይተኛል። የሞተ አይጥ እንዳልል፣ አይጥ በስድስት ቀን ይለወጣል። ይሄ ግን በአቋሙ የጸና ነው።

ባለቤቴ ጽጌ (ከዚህ በኋላ ጽ.) ጫማህ ነው አለችኝ። ጫማዬን አሸተትኩ። አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ምርመራ ተጀመረ። ጓንት፣ ባትሪ፣ ደብተር። ወጥ ቤት፦ ንጹህ። የዝናብ ውኃ መውረጃ፦ ንጹህ። ሰርቪስ ቤት፦ ተከራይዋ ሥራ ስለሄደች በመስኮት ብቻ። አልጋዋ እንደ ወታደር አልጋ ተወጥሯል።

ተከራይዋ ወ/ሮ ላን ናት። ቬትናማዊት፣ ሃምሳን ያለፈች። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ፋብሪካ ስፌት ታሠለጥናለች። እኛ ግቢ ከገባች አራት ወሯ። ሰፈሩ "ቻይና" ነው የሚላት። መጀመሪያ ታርም ነበር፣ አሁን ትታዋለች። አማርኛ ያስተማሯት የፋብሪካው ልጆች ስለሆኑ፣ ትናንት ሰላም ስላት "ጋሼ፣ ዛሬ ፏ ብለሃል" አለችኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ግን ደስ አለኝ።

ጥርጣሬ፦ የአቶ ማሞ የውሻ ቤት። አቶ ማሞ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፣ የሰፈራችን የጽዳት ኮሚቴ ጸሐፊም ነው። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ሄጄ በጨዋ ደንብ ነገርኩት። ውሻዬ ካንተ የበለጠ ይታጠባል አለኝ። በጽሑፍ እመልስለታለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

የመጸዳጃ ጉድጓዱን አስከፈትኩ። ቦቴ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ባጃጆች ጥሩምባ ነፉ፣ ሰፈሩ ወጥቶ ቆመ። ጉድጓዱ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሹፌሩ ታዲያ ለምን ጠራኸኝ አለ። አየሩን አሽትት አልኩት። ዕድሜውን በቦቴ ላይ የጨረሰ ሰው አሸተተና አፍንጫውን ያዘ።

"አባባ፣ ይሄ የኛ ክፍል አይደለም።"

ሄደ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጽ. በረንዳው ላይ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። ምን ያስቃል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ከቀኑ 7፡00

ተገኘ!!

ሰርቪሱ ጀርባ፣ የውኃ ሮቶው የተቀመጠበት ማማ ላይ። መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ጋን። አፉ በላስቲክ የታሰረ፣ ላዩ ላይ ብሎኬት። ላስቲኩን ፈታሁ። እዚህ ላይ መሰላሉን የለቀቅሁ ይመስለኛል፣ ግን አልወደቅሁም። ዓሣ። በጨው የተነከረ፣ የተብላላ፣ ቡናማ ዓሣ።

ወ/ሮ ላን በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። አልጮኸችም። ከመሰላሉ ሥር ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች፣ የሚወድቅ ልጅ እንደሚቀበል ሰው።

"ጋሼ፣ አትድፋው። እባክህ አትድፋው።"

ጋኑን ማን ሰጠሽ አልኳት። ጽ. ከወጥ ቤት ወጣች። ጋኑ የኔ ነው አለች። ሦስት ወር ተኩል ዕቃ ቤት ውስጥ ስትደብቀው ከርማ፣ ፀሐይ ያስፈልገዋል ተብሎ፣ እኔ ሀና ማርያም ቀብር በሄድኩበት ቀን ሰው አስይዘው ሰቅለውታል!

"ታዲያ ቦቴ ሳስመጣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጡረታ ከወጣህ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅማ።"

ያው ቀን፣ ከቀኑ 10፡00

የሃያ አራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ልሰጣት ስገባ ሳሎን ከጽ. ጋር ተቀምጣለች። ቁጭ በል ተባልኩ። ተቀመጥኩ።

ታሪኳ (ባጭሩ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ)፦ በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከቬትናም ወጡ። ሞተሩ ባሕር ላይ ሞተ። ሆንግ ኮንግ ደረሱ። መጠለያ ገቡ። አጥር፣ ባለ ሦስት ደርብ አልጋ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንዱ ደርብ፣ በመጋረጃ። ወንድሟን ጃፓን ወሰደችው። እሷና እናቷ ዓመታት እዚያው ቀሩ። እናቷ ከራሽን ዓሣ እየቀነሰች፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይህንኑ ጀመረች። የዓሣ መረቅ ነው፣ ወጣቸው ያለሱ አይሆንም። እስኪጠል ዓመት ይፈልጋል። የጽዳት ተቆጣጣሪው አግኝቶ ደፋው። እንደገና ጀመረች፣ ደፋው። ሦስት ጊዜ።

በመጨረሻ ሆንግ ኮንግ እንድትኖሩ ተፈቅዷል ተባሉ። ሃያኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል። እናቷ እዚያም ጀመረች፣ በሽታው ጎረቤት ከሰሰ። ከዚያ ላን በስፌት ሥራ ካምቦዲያ፣ ባንግላዴሽ። ሰባት ወር፣ ስምንት ወር፣ ዓመት ሳይሞላ ተነሺ። እናቷ አንድም ማሰሮ ሳይደርስላት አረፈች።

ይህን ሁሉ እየሳቀች ነው የነገረችን። ጽ. ግን አልሳቀችም።

ተቆጣጣሪው ምን ይመስል ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ለምን ጠየቅሁ?

"አንተን። ጓንት። ደብተር።"

አንድ ጠላ ቤት ትዝ አለኝ። ያለ ፈቃድ ነበር፣ ትክክል ነበርኩ። ጋኑን ስገለብጥ ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። የሊትሩን መጠን መዝግቤያለሁ። ስሟን አልመዘገብኩም።

ማስጠንቀቂያው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ጾም ትናንት ገባ። አቶ ማሞ ዛሬ ፊርማ ይዞ መጣ፣ አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል። በሁዳዴ የዓሣ ሽታ ይላል። አብረውት የመጡት ሁለቱ፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም በሚለው ደጃፌ ላይ ተጣሉ። አንዱ ፊርማዬን አውጣልኝ አለ። አሥር ቀረ። እሑድ ስብሰባ አለ። ሊቀመንበሩ ያስወግድ ተብሏል።

የቴክኒክ መፍትሔ ሞከርኩ። የጋኑን አፍ ዘግቼ የፕላስቲክ ቱቦ ተከልኩ፣ ሽታው ወደ ላይ እንዲወጣ። ውጤት፦ አሁን ቀጥታ አቶ ማሞ ሳሎን ይገባል። ሆን ብዬ አይደለም። (ጽ. አታምነኝም።)

ዓርብ፣ የካቲት 13

ያልተጠበቀ። ፋብሪካው ወ/ሮ ላንን ሊያዛውራት ነው። የት? ቬትናም! አዲስ ቅርንጫፍ ተከፍቷል። ጽ. ስትሰማ ሀገሯ ልትገባ ነው ብላ እልል አለች። ላን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

እዚያ ማንንም አላውቅም አለች። ቤታችን ሰው ይኖርበታል። ወንድሜ ጃፓን፣ የእናቴ መቃብር ሆንግ ኮንግ። አነጋገሬን ሰምተው ከየት መጣሽ ይሉኛል። "እዚህም ቻይና፣ እዚያም ቻይና" አለችና ሳቀች። ነገ መልስ ስጪ ብለዋታል።

አቶ ማሞ በግድግዳው ላይ አንገቱን አውጥቶ እንኳን ደስ ያለን አለ። ነገሩ በራሱ ተፈታ። ስብሰባም አያስፈልግም። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባል።

አላለኝም። እህል አልወርድ አለኝ። ጾም ስለሆነ ማንም አላስተዋለም። ጽ. አስተውላለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ጠዋት ወረቀት ይዛ መጣች። እንግሊዝኛህ የመንግሥት እንግሊዝኛ ነው፣ ጻፍልኝ አለች። ሙገሳ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ምን ብዬ? አልሄድም ብለህ። ምክንያት? ወደ ሮቶው አየች።

ጻፍኩ፦ ፈራሚዋ በአሁኑ ወቅት በመኖሪያ ግቢያቸው የጀመሩት፣ በምንም ሁኔታ ሊቋረጥ የማይችል ሥራ ስላለ፣ ውላቸው እስኪያልቅ ባሉበት እንዲቆዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ የኖርኩት "ይቋረጥ" ነበር። ብዕሩ ራሱ ግር አለው።

ከምሳ በኋላ አለቃዋ ደወለ። የምን ሥራ? በእንግሊዝኛ ብዙ አወራት። እሷ በአማርኛ "ችግር የለም" ብላ ዘጋችበት። አማርኛ አይችልም። አመሻሽ ላይ መልእክት መጣ፦ ውሉ እስኪያልቅ ትቆያለች። ስምንት ወር። ጽ.ን አቅፋ "አንተ ጎበዝ ሴት ነህ" አለቻት።

እሑድ፣ የካቲት 15። ከስብሰባው በፊት

ስብሰባው 8 ሰዓት ነው። የኮሚቴውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፦ ሊቀመንበሩ ያላስወገደውን ሽታ በሊቀመንበርነት አያስተዳድርም። በጣም ጥሩ አንቀጽ ነው። መውጫ የለውም።

ከሊቀመንበርነት መልቀቂያ ጻፍኩ። ምክንያት፦ በግል ጉዳይ። ጽ. በትከሻዬ ላይ አነበበችው። የማን የግል ጉዳይ? ሰው ታሟል ይሉሃል፣ አጃ ይዘው ይመጣሉ፣ እውነቱን ጻፍ አለች።

ወ/ሮ ላን በር ላይ ቆማለች። ጥሩ ቀሚሷን ለብሳለች፣ አብሬህ እገባለሁ ብላለች። ለአቶ ማሞ የሚቀመስ በትንሽ ብርጭቆ ይዛለች። ገና አልደረሰም፣ ደግሞም ጾም ነው፣ አይመከርም ብዬ ነግሬያታለሁ። ችግር የለም አለች።

የመጀመሪያውን ሰረዝኩት። አዲሱ እንዲህ ይላል፦

ምክንያት፦ ጋኑ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል።

ፈረምኩ። እየጠሩኝ ነው