ከሥዕሉ በፊት የሚነበበው ስም

አቶ ማዘንጊያ ወልደ ሰንበት በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የፋኖስ መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ሳሉ ወንድ ልጅ መወለዱ ተነገራቸው። ቀኑ ጥር 9 ቀን 1926 ዓ.ም. ነበር። የሕፃኑ እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን በዛብህ አሉት።

አቶ በዛብህ አማርኛና ፈረንሳይኛ በከተማው ከተማሩ በኋላ በ1943 ዓ.ም. በአንድ ግሪካዊ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሆነው ተቀጠሩ። በመጋዘኑ ውስጥ ድምፅ የሌላቸው፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጡ አሮጌ የእንግሊዝ ፊልሞች አገኙ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት እንደነገሯቸው የፊልሞቹ አዘጋጅ በየሳምንቱ አንድ እየጨረሰ በዕድሜው ከሁለት መቶ በላይ ሠርቷል፤ በአንዱም ላይ ስሙን አልጻፈም። አቶ በዛብህ በማያውቁት በዚህ ሰው ቀኑ። የቀኑት በብዛቱ ነው፤ ስሙን አለመጻፉን ግን እንደ ሞኝነት ቆጠሩት።

በ1952 ዓ.ም. የስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት ከወይዘሮ የኔነሽ ጋር ተጋብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ1968 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት አጫጭር ፊልሞች እንዲያዘጋጁ ተመደቡ። ካሜራውን የያዙት እኩያቸው አቶ ዓደን ሞሐሙድ ነበሩ። ስለ ወባ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ከብት ክትባት በአራት ዓመት አንድ መቶ አሥራ ሁለት ፊልም ሠሩ። አቶ ዓደን ጀልዴሳ መንደር ላይ አንዲት ፍየል ወደ ካሜራው እስክትዞር ግማሽ ቀን የጠበቁ ሰው ናቸው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊልሞቹ ማታ በየሜዳው ይታዩ ነበር። አዲስ ፊደል የለየው ተመልካች ሸራው ላይ የሚወጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ በአንድነት ያነባል። የአዘጋጁ የአቶ በዛብህ ስም በቅድሚያ ይመጣል፤ ሰዉ ገና ሲንተባተብ ያልፋል። የካሜራ ባለሙያው ስም በመጨረሻ ብቻውን ስለሚቆይ ሜዳው በሙሉ «ዓደን» ብሎ ያጨበጭባል። አቶ በዛብህ ይህን መቻል አቃታቸው። ቤት ገብተው «የት እንደሚያይ የሚነግረው ሰው ከሌለ ዓይን ብቻውን ምን ይሠራል?» ሲሉ፣ ወይዘሮ የኔነሽ «ፍየሏንስ ማን ነገራት?» ብለው ይመልሱላቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. አቶ በዛብህ የአቶ ዓደንን ስም ከሁሉም ፊልሞች በመቀስ ቆርጠው አቃጠሉት። በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ፊልሙ ሲታይ ስሙ ሳይወጣ ቀረ፤ ሆኖም ሕዝቡ ለምዶታልና በባዶው ሸራ ላይ «ዓደን» ብሎ ጮኸ። አቶ ዓደን ከማጫወቻው አጠገብ ቆመው ነበር።

«አቦ በዛብህ፣ ብትጠይቀኝ እኮ እኔው እቆርጠው ነበር» አሉ።

አቶ ዓደን ሥራውን ትተው የጭነት መኪና ሹፌር ሆኑ። አቶ በዛብህ ከሌሎች ጋር ዘጠኝ ፊልም ቢሠሩም አንዱንም ደግመው አላዩትም።

በ1980 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተኝተው፣ ጽሕፈት ቤቱ ሊጥላቸው የነበሩትን የፊልም ቆርቆሮዎች ወደ ቤት አስመጡ። ወይዘሮ የኔነሽንም አቶ ዓደንን እንዲጠሩ ላኩ። አቶ ዓደን ፓፓያ ይዘው መጡ። ይቅርታ የሚል ቃል ማንም አልሰማም። አቶ በዛብህ በየቆርቆሮው ወረቀት ለጥፈው «ካሜራ፦ ዓደን ሞሐሙድ» ብለው በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። አቶ ዓደንም «በዚህ አያያዝህ ለሚመጣው ዒድ እንኳ ጽፈህ አትጨርስም» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። የራሳቸውን ስም ለምን እንዳልጻፉ ልጆቻቸው ሲጠይቋቸው አቶ በዛብህ የሚቀጥለውን ቆርቆሮ እንዲያቀብሏቸው አዘዙ።

መጋቢት 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። በብርሃን ሲሠሩ የኖሩትን ሰው ፈጣሪ ብርሃን በማይጠፋበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ሳይጻፍበት የቀረ አንድ ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት አቶ ዓደን እስክሪብቶውን ከወይዘሮ የኔነሽ ተቀብለው «አዘጋጅ፦ በዛብህ ማዘንጊያ» ብለው በትልቁ ጻፉ፤ ከሥሩ የራሳቸውን ስም በትንሹ አከሉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ቆርቆሮውን ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።