ምንጭ፦ የወጥ ቤት ቀን መቁጠሪያ

ይድረስ ለእናቴ፣

ጉልበትሽ ክረምቱን እንዴት አለፈ? በረዶ የጋገረው ደረጃ ላይ አሸዋ መበተን አትርሺ፤ አምና የወደቅሽው አንሸራቶሽ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም፤ በረዶ ውስጥ ቆሞ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኛለሁ።

በጥር የአማካሪዬ የቶርኬል ጽሑፍ በትልቅ መጽሔት ወጣ። የሐይቃችን በረዶ በየዓመቱ ቀልጦ የለቀቀባቸው የሠላሳ አራት ዓመት ቀኖች፣ እኔ የሠራሁት ሠንጠረዥ፣ የራሴ ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀሩ አሉበት። ስሜ ግን የለም፤ ምስጋናው ውስጥ እንኳ።

ቢሮው ሄድኩ። ሳቀ። «አይ አንቺ! አራት ዓመት ከአንድ ድስት በልተን ዛሬ ማንኪያ ልትቆጥሪ ነው?» አለኝ። ቀጥሎም በዶክትሬት ጥናቴ ውስጥ የእሱን ጽሑፍ በምንጭነት እንድጠቅስ መከረኝ፤ አለዚያ ፈታኞቹ ከእሱ የገለበጥኩ ይመስላቸዋል። ቢሮ ለምጋራት ለራግንሂልድ ስነግራት፣ «ሌባው ደረሰኝ ፈርሚልኝ አለ በይኛ!» አለች። እሷ ጠረጴዛውን ደበደበች፤ እኔ ቁጣው አልመጣልኝም። ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ግን ክስ ጻፍኩ። ዝም የምትል ልጅ አላሳደግሽም።

ለማስረጃ የዛሬ አራት ዓመቱን ረቂቄን ከፈትኩ። ከሠንጠረዡ ሥር «ምንጭ፦ የጸሐፊዋ የግል መዝገብ» ይላል።

እማ፣ እኔ አንድም ሚያዝያ ሐይቁ ዳር ቆሜ አላውቅም። በላስቲክ ቦት ጫማ የቆምሽው፣ ገብተሽም የወጥ ቤቱ ቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ «ዛሬ ሄደ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

ካቻምና ለገና፣ ታትሞ የወጣውን የጥናቴን የመጀመሪያ ክፍል ስሰጥሽ መነጽርሽን አደረግሽና በቀጥታ ከኋላ፣ ከምንጮቹ ዝርዝር ጀመርሽ። ጣትሽ ስም በስም ወረደ። ከዚያ ዘጋሽውና «ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ወፍራም ነው» አልሽ። እኔ ሳቅሁ።

ረቂቁን እንዳለ ከክሱ ጋር አያይዤ ላክሁት። ራግንሂልድ «አበድሽ እንዴ? በገዛ እጅሽ ዱላ ታቀብይዋለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፤ ቶርኬል ያንኑ ገጽ ይዞ «እሷስ?» ብሎ ለኮሚቴው ጽፏል። ፈተናዬ ሊሰረዝ ይችላል፤ የአራት ዓመት ድካሜም አብሮ።

ሐሙስ ዕለት፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደ ዩኒቨርሲቲያችን ደንብ ሁሉም እንዲያየው ጥናቴን ኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ በምስማር ቸነከርሁት። መዶሻውን የሚያቀብለው አማካሪ ነበር፤ አልመጣም። ከሕንፃው ጠባቂ ተውሼ ራሴ መታሁት። ቶርኬልን የትም አልጠቀስኩም።

አንድ ቅጂ በፖስታ ልኬልሻለሁ። መነጽርሽን አድርጊና እንደዚያ ገና ከኋላ ጀምሪ። ስምሽ በአባትሽ ስም ፊደል ሥር ነው።

የሐይቁ በረዶ በሰላም ይልቀቅልሽ፤ እግርሽን ያጽናው።

ልጅሽ