ለፈሪው ወንድሜ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም ያገኘችውን ሁሉ በድዷ ነው የምታኝከው? እኔ ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ። ሰው «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ እኔም እንደ ሰው ልጽፍልህ ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ስለምትስቅ ነው። ገና አፌን ስከፍት ትስቃለህ፤ አንተ ስትስቅ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ፤ ከዚያ ንዴቴ ሜዳ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን አይስቅም። ስለዚህ አረፍ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያውኑ ወደዚያ ደሴት አልሄድም ማለት ነበረብኝ። የሙሽራ ቀሚስ በየመስቀያው ተንጠልጥሎ እየጠበቀኝ ስፌት ቤቴን ዘግቼ መዝናናት ምን ያደርግልኛል ብያችሁ ነበር። እህትህ «እትዬ ካልመጣች እኛም ይቅርብን» ብላ አለቀሰች። የእሷ ዕንባ መቼም እንደ ቧንቧ ነው። አንተ ደግሞ ሳትጠይቀኝ ትኬቱን ቆርጠህ መጣህ። እሺ አልኩ። ባሕሩ ያምራል፣ አልዋሽም። አሸዋው እንደ ዱቄት ነው፣ የኮኮናቱ ዛፍም ጥላው ደግ ነው። ሙቀቱ ግን ልብስን ከገላ ጋር በሙጫ የሚያጣብቅ ነው። የሆቴሉ መጋረጃ ጠርዙ ተተርትሮ አይቼ መርፌና ክር ስለጠየቅሁ ደግሞ ሁላችሁም ሳቃችሁብኝ። ይሁን፣ በእሱ አልተቀየምኩም።

የተቀየምኩት ቁርስ ላይ ነው። ሰው ታላቅ እህቱን በሰው ፊት «ስንት ኪሎ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል? የእህትህ ባል ሻዩ ትን ብሎት ሊሞት ነበር። አንተ እቴ! ጭራሽ ቀጠልክበት። ጫማሽ ማሰሪያ አለው ወይ አልከኝ። ጆሮሽን ያምሽ ነበር፣ አሁን ተሻለሽ ወይ አልከኝ። ልብሽስ ደህና ነው ወይ አልከኝ። በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው እንኳ እንደዚህ አይመረምርም። አርጅተሻል ለማለት የፈለግህ መስሎኝ እንቁላሉን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሚስትህና እህትህ ከሕፃኗ ጋር ሆቴል ቀሩ። አንተና አማችህ፣ የእህትህ ባል፣ ከሰው ጋር ታስራችሁ ከአውሮፕላን በፓራሹት ልትዘሉ፣ እኔ ደግሞ ቦርሳችሁን ልጠብቅ ሄድን። ቦርሳ ጠባቂ መሆኔን ማንም አልነገረኝም፤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አማችህ ቦርሳውን፣ መነጽሩን፣ ስልኩን፣ ነጠላ ጫማውን ጭምር ጭኔ ላይ ከመረልኝ። እሱ ወጣ፣ ዘለለ፣ ወረደ። ሲወርድ ፊቱ ኖራ መስሎ ነበር። ትንፋሹ እንደተመለሰለት ግን አንበሳ ሆነ፤ ለቆመውም ለተቀመጠውም ያወራ ጀመር።

ከዚያ ያንተ ተራ ደረሰ። አንተ ግን ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ አጠገቤ ቁጢጥ አልክ። «እትዬ፣ ዞረብኝ። አልችልም» አልከኝ።

አንተ! በየተራራው ጫፍ የስልክ ማማ የምትወጣው፣ ነፋስ እያወዛወዘህ ብሎን የምታጠብቀው፣ እግርህን አየር ላይ አንጠልጥለህ ምሳህን የምትበላው! በሽታ ደብቆኛል ብዬ ግንባርህን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ዓይንህን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው። አማችህ «የማማው ጀግና ተሰበረ» እያለ ሜዳውን በሳቅ ሞላው። አንተም አብረህ ሳቅህ። እንደ እሳት የለበለበኝ ያ ያንተ ሳቅ ነው።

ቀጥለህ ደግሞ፣ የተከፈለው አይመለስም አሉ፤ ከንቱ ከሚቀር አንቺ ዝለይበት አልከኝ። እንደማይመለስ ስትነግረኝ ምን እንደምሆን ታውቃለህ። እኔ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ አልጥልም፤ ትራስ እሞላበታለሁ። ብድግ ብዬ የሚዘልበት ሰው ፈለግሁ። ሾፌሩን ለመንኩት፤ ሚስቴ ትፈታኛለች አለኝ። ትኬት የምትቆርጠዋን ልጅ ሳይቀር «እስኪ አንቺ ውሰጂው» አልኳት፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው ብላ እምቢ አለች። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታየኛለህ። ያኔ ለክረምት የገዛህልኝን ካፖርት ለጎረቤቴ በሰጠሁ ጊዜ ያየኸኝን አስተያየት ነበር የምታየኝ።

በንዴት ነው የተነሳሁት፤ ይህን እወቅልኝ። ሰው በንዴት ይሰክራል፣ በንዴት ዕቃ ይሰብራል። እኔ በንዴት አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

ከእኔ ጋር የሚታሰረው ሰው ጢሙ የሸበተ፣ ክንዱ ገመድ የመሰለ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ አሞራው የሚሉት ነው። ቱታ አምጥቶ አለበሰኝ፤ እጅጌው ሳይታጠፍ፣ ወገቡ ሳይጠብ ልኬ ሆነ። ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ልክ የሆነ ልብስ በአጋጣሚ እንደማይገኝ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ከቁርሱ ጥያቄህ ጋር አላገናኘሁትም። የማሰሪያውን ስፌት ግን አገላብጬ አየሁት። ድርብ ነው፣ ክሩ ወፍራም ነው፤ በጥፍሬም ፈተንኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ነው ነፍሴን የሰጠሁት።

ያቺ አውሮፕላን ከውስጥ ዕቃ ቤት ናት፤ ወንበር እንኳ የላትም። መሬት ላይ ተቀምጠን አሞራው ከኋላዬ ሆኖ ከራሱ ጋር ጠፍሮ አሰረኝ። «አዝለህ ነዋ የምትዘለው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ሳልስቅ ቀረሁ። አንተን በጀርባዬ አዝዬ ነበር የልብስ ስፌት የተማርኩት፤ መኪናውን በእግሬ ስመታ አንተን እንቅልፍ ይወስድህ ነበር። እኔን ግን ከእናታችን ወዲህ የተሸከመኝ ሰው የለም። ይህ ነገር እዚያ ላይ ትዝ ሊለኝ ምን አመጣው?

ከፍ ካልን በኋላ አሞራው ጆሮዬ ሥር ሆኖ እየጮኸ፣ «ወንድምሽ ነግሮኛል፤ በልጅነትሽ አውሮፕላን ላይ አስተናጋጅ ልትሆኚ ነበር አሉ» አለኝ።

ዞሬ ላየው ብል ማሰሪያው አልፈቀደልኝም።

ያን ነገር ከአክስታችን በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። እናታችን ያረፈችው ለሥልጠናው በተጠራሁ ሰሞን ነው። አንተ ገና በእግርህ ስትሄድ የምትወድቅ ነበርክ፣ እህትህ ደግሞ ማታ ማታ እናቴን ካላመጣችሁ እያለች ትቀውጠዋለች። አልሄድኩም፣ አለቀ። ማንም ቀረብሽ እንዳይለኝ ለማንም አልተናገርኩም። አክስታችን ግን አፏ ወንፊት ነው። አንተስ ብትሆን በምን ሥልጣንህ ነው እኔ የቀበርኩትን ቆፍረህ ለማላውቀው ሰው የምታወራው? ይህን ሁሉ ልጮህበት አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ወሰደው፤ እኔንም አስከትሎ ወሰደኝ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ? መውደቅ አይመስልም። አየሩ ወፍራም ነው፣ ደረትን ይይዛል። ጉንጬ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ተውለበለበ። ከሥሬ ባሕሩ ተዘርግቷል፤ ደሴቷ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የተተከለች አረንጓዴ ቁልፍ አክላለች። ያ ሁሉ ሆቴል፣ ያ ሁሉ ሰው፣ የአማችህ ወሬ ሁሉ ያቺ ቁልፍ ላይ ነው ያለው። ጮኼያለሁ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አሞራው ሰምቷል፤ ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፣ አንተም እንዳትጠይቀው።

ድንገት ፓራሹቱ ተከፍቶ ወደ ላይ ጎተተን፤ ከዚያ ነፋሱ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አሞራው ገመዶቹን እጄ ላይ አስጨበጠኝና ሳቢው አለኝ። ቀኙን ስስብ ወደ ቀኝ ሄድን፤ ግራውን ስስብ ወደ ግራ። አልጠገብኩትም። ትንሽ ቆይቶ «በቃ እንውረድ እንጂ፣ እማማ» ሲለኝ፣ እማማ አትበለኝ፣ ደግሞም አልወርድም አልኩት።

መውረድ ግን አይቀርም። በቂጤ ነው ያረፍኩት። ቀና ስል አንተ እየሮጥክ ስትመጣ አየሁህ። ራሱ የዞረበት ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ዓይንህ ቀልቷል። ምን ሆንክ ብልህ አሸዋ ገባብኝ አልከኝ። ወንድሜ፣ ሜዳው ሣር ነበር።

ቱታዬ ላይ የተጣበቀውን ሣር ማራገፍ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ያልጮህኩብህ ይቅር ስላልኩህ እንዳይመስልህ።

ራት ላይ አማችህ ፈሪነትህን እያሳመረ ለጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ተረከ። የማናውቃቸው ሰዎች ወዳንተ እየዞሩ ሳቁ። ሚስትህ ለባሏ እንኳ አልተከራከረችም፤ አንገቷን ደፍታ ፈገግ እያለች ትበላለች። አንተም አቀርቅረህ ዓሣህን ከአጥንቱ ትለያለህ። አንዴ ብቻ ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ ያኔ ነው ከጠረጴዛው የተነሳሁት። ደክሟት ነው ብላችሁ ይሆናል። ድካም አልነበረም። እዚያው ብቆይ ኖሮ ብርጭቆውን አማችህ ጭንቅላት ላይ እሰብረው ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ያንተ ተራ ነበር።

ያም በደሴቱ ቢቀር ጥሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት እህትህ መጥታ፣ ወሬው መሥሪያ ቤትህ መድረሱን እየሳቀች ነገረችኝ። ማማ ስትወጣ ጓደኞችህ ከታች ሆነው «ዣንጥላ እናቀብልህ?» ይሉሃል አሉ። አንተ ግን ምንም አትመልስም አሉ። እኔ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር፤ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ለማን ብለህ ነው ስምህን ለመንገደኛ መሳቂያ የምትሰጠው? ስም እንደ ካፖርት አውልቀው የሚሰጡት ነገር ነው? ሰጥቶ ባዶውን የሚቀር ሰው በአንድ ቤት አንድ ይበቃል፤ እሱም እኔ ነኝ።

ለአማችህ ደውዬለታለሁ። እሱንም አስሮ የዘለለው አሞራው ስለ ዝላዩ በኋላ ምን እንዳለኝ ነገርኩት። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ መሬት እስኪነካ ዓይኑን አልገለጠም፤ እናቱንም በስሟ እየጠራ ነው የወረደው። ስለ ወንድሜ ሌላ ቃል ከሰማሁ ይህን በሚቀጥለው የቤተሰብ ግብዣ ላይ አነሳዋለሁ አልኩት። እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው አለኝ። ቀልዱ አልቋል አልኩት። ለጓደኞችህ ግን አንተው ራስህ ንገራቸው። እንደማይዞርብህ ንገራቸው። ለምን እንዳልዘለልክ ከጠየቁህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው በላቸው።

የላክኸው የዝላዬ ፎቶ ደርሷል። ደንበኞቼ ስፌት ቤቱ ውስጥ ስቀይው አሉኝ፤ እኔ ግን መኝታ ቤቴ ነው የሰቀልኩት። አፌ በሰፊው ተከፍቷል፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል፣ ፀጉሬ ቆሟል። ያቺን ሴትዮ በደንብ አላውቃትም። ጠዋት ጠዋት ግን ሰላምታ እየተሰጣጣን ነው።

ከፍታው አይጣልህ፣ ነፋሱ አይንካህ። ማማ ላይ ስትወጣ ማሰሪያህን ሁለቴ ፈትሸው። ሚስትህን ሳምልኝ፤ አንገቷን ደፍታ የሳቀችውን ሳቅ እንዳየሁባትም ንገርልኝ። ልጅህ በአንተ ትውጣ፤ ውሸትህን ብቻ አትውረስ።

እናታችንን አታስታውሳትም። ብትኖር ኖሮ ይህን ሥራህን ሰምታ መጀመሪያ በአርጩሜ ትገርፍህ፣ ቀጥላ ጉንጭህ እስኪቀላ ትስምህ ነበር። ግርፊያውን በዚህ ወረቀት ተቀብለሃል። ሁለተኛው በደብዳቤ አይሆንም፤ ራስህ ና።

ታላቅ እህትህ