የአባቴ ሾርባ ከመዝገበ ዕውቀቱ ስለ መቅረቱ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም ከእህቴ ጋር ይጨቃጨቃሉ? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ በርትቷል። የቢሯችን አንዲት ማሞቂያ ዋና አዘጋጁ እግር ሥር ስለሆነች እሱ ይሞቃታል፣ እኛ እናያታለን።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የላኩልኝ የምስር ሾርባ አሠራር ባለፈው ሳምንት ለውሳኔ ቀርቦ ነበር። የእኛ ሥራ እንደሚያውቁት ከጉንዳን እስከ ጨረቃ ስለ ሁሉም ነገር የሚያስረዳ መዝገበ ዕውቀት ማዘጋጀት ነው። አከራካሪ ጽሑፍ ሲመጣ ያመጣው ሰው ቆሞ ያነባል፣ ሌሎቹ ስድስቱ ይከራከራሉ፣ እሱ ድምፁን የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። እኔም ቆሜ አነበብኩ። “ምስሩን አትቸኩልበት፤ ቸኩለህ የት ልትደርስ ነው?” የሚለው ጋ ስደርስ ካርታ ሠሪው ከስድስቱ አንዱ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ዋና አዘጋጁ ግን አልሳቀም። ስለ ሾርባ ምንነትና ታሪክ መጻፍ ተገቢ ነው፣ ይህ ግን አድርግ አታድርግ የሚል ምክር ነው አለ። ዛሬ የአንድ አባት ሾርባ ካስገባን ነገ እናት ያለው ሁሉ ድስቱን ተሸክሞ ይመጣል ሲልም ጨመረ። አባባሉ እውነትነት አለው።

ጽሑፍ ስለምትቆርጥ መቀስ የምንላት አርታኢያችን ግን ጠበቃ ቆመችልዎ። ድልድይ እንዴት እንደሚሠራ ጽፈን የለም ወይ፣ ሾርባ ምን በደለ ብላ ሞገተች። በመጨረሻ ሦስት ለሦስት ሆኑና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይግባ ብዬ እጄን ላወጣ ነበር።

መቀስ ይህን አይታ፣ ከገባ በዚህ መልኩ ነው የሚገባው ብላ ያሳጠረችውን አቀበለችኝ። እርስዎ መጀመሪያ የሚበላውን ሰው ጠይቅ ብለው ነበር፤ ያ የለም። ልቡን ለሚያመው ጨው ቀንስ፣ ጥርስ ለሌለው ድንቹን ፍጭለት፣ ምግብ ለዘጋው ቀጠን አድርገህ ትንሽ በትንሽ ስጠው ያሉትም የለም። በዚያ ሁሉ ፋንታ “ለስድስት ሰው” ተብሏል። ጥፋቷ አይደለም። አንባቢውን ሳያዩ የሚጻፍ መጽሐፍ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። እርስዎ ደግሞ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ በነበሩበት ዘመን ሁሉ የበሽተኛውን ፊት ሳያዩ ድስት ጥደው አያውቁም። በዚያ መልኩ ስምዎ ሳይጠራ፣ ምክርዎ ተቆርጦ ከሚገባ ይቅር አልኩ። እናም ቀረ።

የሰፈሩ ሰው ሾርባዎ ታትሞ እስኪወጣ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ማውራቱን እህቴ ጽፋልኛለች፤ ለእሱ መንገር ለአደባባይ መንገር ነው። ሲጠይቁዎ አዘጋጁ ከለከለ አይበሉ። በእሱ ማሳበብ ይቀለኝ ነበር፣ ግን እርስዎን መዋሸት አልወድም። አንድ እጅ ብቻ ጎድሎ ነበር፤ ያም የልጅዎ እጅ ነው። ትክክል ሠራሁ ብዬ አምናለሁ፣ የላኩልኝን ወረቀት ግን አሁንም ደጋግሜ አነበዋለሁ።

እህቴ የእማዬን ጉልበት ትሳምልኝ። ለራሷም ለባሏም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ባሏ የጣሪያውን ቀዳዳ ዘንድሮ እንኳ ይድፈነው። ትንሿን ልጅ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ለፀጉር አስተካካዩም ሰላም በሉልኝ፤ እሱ ያው ለሰፈሩ ሁሉ ያደርስልኛል።

እርስዎ ቢቀየሙኝ አይፈረድብዎትም። ብቻ ቁጣዎን በእህቴ በኩል አይላኩብኝ፤ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፣ አንድ መስመርም ቢሆን።

ሾርባዎን ያስቀረው ልጅዎ

ከመዝገበ ዕውቀቱ ቢሮ፣ የካቲት 11 ቀን