ለማናቱም፣ ሦስተኛው ሰሌዳ ከሟሟ በኋላ

ሲፓር፣ በአያሩ ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ንጉሡ የሰሜኑን ቦይ ባስቆፈሩበት ዓመት

ለታናሽ እህቴ ለማናቱም፤

ጌታዬ የፀሐዩ አምላክ ሻማሽና ሚስቱ እመቤቴ አያ ጤናሽን ይጠብቁልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መልሱ የዘገየው ችላ ብዬሽ አይደለም፤ ወንዙ ግቢያችን ገብቶብን ነው።

«አንቺ የአማልክቱን ነገር ስትጽፊ የምትውዪ ነሽ፤ ልጄን ማን እንደወሰደብኝ ንገሪኝ» ብለሽኛል። አማትሽም «ክታቡን አንገቱ ላይ ብታስሪለት ኖሮ ይተርፍ ነበር» እያለች ሰው ፊት እንደምታሳጣሽ ጽፈሻል። ደብዳቤሽ ሲደርስ ምን ላይ እንደነበርኩ ልንገርሽ።

መምህሬ እሜቴ ናራምታኒ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። የድሮውን የፍጥረትና የጥፋት ውሃ መዝሙር እሳቸው በቃላቸው ይሉታል፣ እኔ በጭቃ ሰሌዳ እጽፈዋለሁ። አንቺም በልጅነትሽ ሰምተሽዋል። ታናናሾቹ አማልክት ቦይ መቆፈርና ቅርጫት መሸከም ሲመራቸው መሣሪያቸውን አቃጥለው አመፁ። እናቲቱ ማሚ ጭቃ ከታረደ አምላክ ደም ጋር አቡክታ ሰውን ሠራች፤ ሸክሙ ወደኛ ዞረ። ሰው በዛ፤ የአማልክቱ አለቃ ኤንሊል በሁካታው እንቅልፍ ቢያጣ ውሃ ለቀቀብን። አንዱ ብቻ ሬንጅ በተቀባ ታንኳ ቤተሰቡን ይዞ ተረፈ።

መጨረሻውን ግን ለልጅ አይዘፍኑለትም። ሰው ዳግመኛ እንዳይበዛ አማልክቱ መከሩ ይላል። መካን ሴት ትኑር፣ ሕፃን ከእናቱ ጭን የምትነጥቅ ጋኔን ትኑር፣ ለአምላክ የተሰጡ ሴቶችም አይውለዱ አሉ። እኔ የጋኔኗ መስመር ላይ ደርሼ ሳለ ነው ደብዳቤሽ የመጣው። አነበብኩትና እጄ ቆመ።

እሜቴ የብዕሬን ድምፅ ሲያጡ፣ «ምነው? ጭቃው ደረቀብሽ?» አሉኝ።

«የእህቴ ልጅ ሞቷል» አልኳቸው።

ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው፣ «በይ ጨርሺው፤ ነገ እናወራለን» አሉ። ጨረስኩት። በማግስቱ ግን ወሬ የሚወራበት ቀን አልሆነም።

ረፋድ ላይ የቦዩ ግድብ ተደረመሰ። ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ወዲያው ጉልበት ደረሰ። ሦስቱ የመዝሙሩ ሰሌዳዎች በየቅርጫታቸው ያሉት የታችኛው ክፍል ነው፤ አንዳቸውም በእሳት አልተጠበሱም። ሁለቱን ቅርጫት ጣሪያ ላይ አድርሼ ለሦስተኛው ስወርድ በር ላይ ጩኸት ሰማሁ። የአንድ ታንኳ ቀዛፊ ሚስት፣ ኤሊኤሬሳ ናት። ታንኳቸው ከግንባችን ጋር ተላትሞ ባሏ ተሸክሟት መጥቷል፤ ምጥ ይዟታል።

በረኛው፣ «ይህ ለአምላክ የተሰጡ ሴቶች ግቢ ነው፤ እዚህ መውለድ ክልክል ነው! ሌላ ቤት ውሰዳት!» ይላል።

እሜቴ ከደረጃው ላይ ሆነው፣ «ውሃው ሲገባ ፈቃድ ጠይቆሃል? ክፈት አንተ ደንቆሮ!» አሉት። ከፈተ።

እኔ ቅርጫቱን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። «ሁዛላቱም፣ ነይ ያዣት» አሉኝ።

«እሜቴ፣ ሰሌዳው ይሟሟል እኮ!»

«ይሟሟ። ጭቃ መቼ አጣን?»

ጣልኩት። ጣሪያ ላይ ሁለት ጡብ አስቀምጠን ኤሊኤሬሳን እነሱ ላይ አቆምናት፤ እኔ ከኋላዋ ደገፍኳት። እሜቴ የአዋላጅ ልጅ ናቸው፤ ዓይናቸው ባያይም እጃቸው አልረሳም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሴት ልጅ ተወለደች። አታለቅስም። እሜቴ ገልብጠው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፤ ዝም። እንደገና ሲመቷት አንዴ አስነጠሰችና ጩኸቷን ለቀቀችው። ዕድሜ ልካቸውን በሹክሹክታ የኖሩት የግቢያችን ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ውሃው በአራተኛው ቀን ጎደለ። ሦስተኛው ሰሌዳ የእርጥብ ጭቃ ክምር ሆኖ አገኘሁት። ክፍሉን ጠርገን፣ ግንቡን ጠግነን፣ እሜቴ እንደገና በቃላቸው ይሉልኝ ጀመር። ያ የጋኔኗ መስመር ጋ ስንደርስ፣ «እሜቴ፣ ይህን እንለፈው። እኔና እርስዎ ካልጻፍነው ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

«እናቴ ሰባት ወልዳ አምስት ቀብራለች» አሉኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ጣቱን ይቀስርባት ነበር። እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ ወተቷ መራራ ነው፣ ስለት አስቀርታለች ይሏታል። ይህን መስመር ስትሰማ ምን አለች መሰለሽ? ‹ተመስገን፣ እኔ አይደለሁም› አለች።»

«እውነት ጋኔኗ ናት የምትወስዳቸው?»

«እኔ ምን አውቄ! መዝሙሩ ግን እናቶቹን አልወቀሰም። ጻፊው።»

ጻፍኩት። እህቴ፣ መልሴም ይኸው ነው። ልጅሽን ማን እንደወሰደው አላውቅም። አንቺ እንዳልሆንሽ ግን በጥንት ሰዎች ቃል ተጽፏል። አማትሽ ካላመነች ወደዚህ ትምጣና እኔ አነብላታለሁ። አንድ ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ ልጇን ከምትነጠቀው እናት ቀጥሎ የተጻፍነው እኛ ነን፣ ለአምላክ የተሰጠነው። አባታችን አንቺን ለባል፣ እኔን ለሻማሽ ሲሰጠን መንገዳችን የተለያየ መስሎኝ ነበር። ለካ ጎን ለጎን ነን። በአባታችን አላዝንም፤ እዚህ እንጀራም ክብርም አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የኤሊኤሬሳ ባል ነው፤ ታንኳውን ጠግኖ ወደ እናንተ ወደ ዲልባት ይወርዳል። ሚስቱና ልጁ አብረውት ናቸው። ልብሽ ካልቻለ ደብዳቤውን ብቻ ተቀበይ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይቀየሙሽም። ሕፃኗን ልቀፋት ካልሽ ግን በቀኝሽ አትያዣት፣ ትነጫነጫለች። በግራ ክንድሽ፣ ጭንቅላቷን ወደ አንገትሽ ጠጋ አድርገሽ ያዣት። አውራ ጣትሽን ስትጨብጥ አትከልክያት፤ ራሷ ትለቅሻለች። እናቷ እስክትጠነክር ዐርባ ቀን እኔ ዘንድ ነው ያደረችው።

አያ ማኅፀንሽን ትባርክልኝ፤ ሻማሽ ጠዋት በወጣ ቁጥር ደጅሽን በደስታ ይይልኝ።

ታላቅ እህትሽ
ሁዛላቱም