የሃያ ዓመቱ የውሃ ዕቅድና አማቴ

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ዛሬም አልመጡም! አዳራሹን አስጠርገን፣ ወንበር ከትምህርት ቤት ተውሰን፣ ገበሬው ከየቀበሌው በእግሩ መጥቶ እስከ ሰባት ሰዓት ቁጭ አለ። ከዚያ ተደወለ። የክልሉ ቡድን መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ተበላሽቷል። ያን ሁሉ ሰው "ነገ ተመለሱ" ማለት የኔ ዕጣ ሆነ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አለቃዬ አቶ ንጉሤ፣ ቢሮውን ዘግቶ ተቀምጧል።

ውይይቱ ስለ ወንዛችን ተፋሰስ የሃያ ዓመት የውሃ ዕቅድ ነው። መሐል ሜዳ እያደገች ነው፤ ውሃው ግን ለዛሬም አልበቃት። ዕቅዱ ከጓሳ ተራራ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በቧንቧ ወደ ከተማ እናምጣ ይላል። ከምንጩ በታች ያሉት ገበሬዎች ደግሞ በጋውን ከብታቸውን የሚያጠጡት፣ ድንቻቸውን የሚያለሙት በዚያው ነው። አማቴ እማማ የሺም ከነሱ ጋር ናቸው።

ለነገው ስብሰባ እኛ ቤት ሊያድሩ መጥተዋል። ስገባ የባለቤቴን የደምሴን ልብስ በሙሉ አጥበው አስጥተውታል። በርሜሉ ባዶ! ቧንቧችን ከደረቀ ሳምንት አልፎታል።

"እማማ፣ ውሃውን በሙሉ?" አልኳቸው።

"ምነው፣ የቧንቧ ውሃ አለን ትሉ የለም እንዴ?"

ደምሴ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ነገ ለውሃ ወረፋ የሚሰለፈው እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

መጡ። የቡድኑ ኢንጂነር ጨዋ ሰው ነው። ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሳይቸኩል አስረዳ። ግን "የፍላጎትና የአቅርቦት ክፍተት" ሲል ሰዉ ክፍተቱን ግድግዳው ላይ ይፈልጋል። እየተነሣሁ በሰው አማርኛ ስተረጉም ዋልኩ።

ጥያቄ ሳይጀመር አቶ ንጉሤ ብድግ አለ። "እንግዲህ ተስማምተናል፤ እጅ እናውጣ!" የግምገማ ሰሞን ስለሆነ "ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ደገፈ" የምትል ሪፖርት ለመላክ ቸኩሏል።

እማማ ተነሡ። "ከተማው ይጠማ አላልንም። ልጄ ቤት ውሃ እንደሌለ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን በሃያ ዓመቱ ውስጥ እኛስ አለንበት?"

አቶ ንጉሤ ተቆጣ። "ይሄ የኪራይ ሰብሳቢ አመለካከት ነው!"

"እኔ ቤት አላከራይም፣ ልጄ" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስብሰባውም ፈረሰ። ኮሪደሩ ላይ አቶ ንጉሤ ያዘኝ። "የአማትሽን አፍ መያዝ አቃተሽ?" እኔ ነኝ እንዴ የተናገርኩት?

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

አቶ ንጉሤ ቃለ ጉባኤው ላይ "ስምምነት ተደርሷል" ብለሽ ጻፊ አለኝ። አልጽፍም አልኩ። "እንግዲያው ግምገማ ላይ እንገናኛለን" ብሎኝ ወጣ።

ለምሳ ቤት ስገባ ደግሞ እማማ አኩርፈዋል። ለእሳቸው ዕቅዱን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ደምሴን ፍረድ ስለው "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አለ። እንዲህ ያለ ባል ምን ያደርጉታል?

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩን ለብቻው አገኘሁት። ሌሊት ማንም አያጠጣም፤ ማጠራቀሚያ ተሠርቶ ከተማው የሌሊቱን፣ ገበሬው የቀኑን ቢወስድስ? አልኩት። ሊሆን ይችላል አለ። ግን ምንጩ በበጋ ምን ያህል እንደሚፈስ ተለክቶ አያውቅም። ዕቅዱ ላይ ያለው ቁጥር የክረምት ነው።

አንድ በጋ እንኳ ሳይለካ የሃያ ዓመት ዕቅድ! ጮኼ ነበር መሰለኝ። ደግነቱ አልተቀየመም። ነገ ሄደን እንየው አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

እማማን በቡድኑ መኪና ይዘን ወደ ምንጩ ወጣን። መንገዱ ካለቀ በኋላ በእግር ነው። ኢንጂነሩ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ እማማ ቀድመውት ደረሱ።

ሰዉ ቧንቧ ጭነን የመጣን መስሎት ምንጩን ከቦ ጠበቀን። የሌሊትና የቀኑን ነገር አስረዳሁ። አንድ ሽማግሌ "የሌሊቱን ነው ብላችሁ ቀንም ብትወስዱስ? የማጠራቀሚያው ቁልፍ በማን እጅ ነው?" አሉ። በዚህች ቁልፍ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ድምፄ ተዘጋ። የተስማሙት መጀመሪያ ውሃው ይለካ በሚለው ብቻ ነው። ማን ይለካ የሚለው ግን አልተቋጨም፤ ተማክረው መልስ ሊልኩብን ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ኢንጂነሩ ዛሬ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ለአቶ ንጉሤ ቁርጡን ነገረው። ይህ በጋና የሚቀጥለው በጋ ሳይለካ ምንጩ ዕቅዱ ውስጥ አይገባም። አቶ ንጉሤ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። ግምገማው ላይ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ከተማውም ለጊዜው ያው ወረፋው ነው። ይሄም ያሳዝነኛል።

የገበሬዎቹ መልስም እሱ ሳይሄድ መጣ። ከመንግሥት ሰው የሚያምኑት አጥተው ሲከራከሩ፣ ሐሙስ እዚያው የቀሩት እማማ የሺ ነገሩን ቆርጠውታል አሉ። "የኔ ምራት ትለካ። ብትዋሽ ቤቷን አውቀዋለሁ።"

ኢንጂነሩ ወዲያው ተስማማ። ያለ መኪና መንገዱ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም። ስለዚህ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እስከ ክረምት መግቢያ፣ በየሳምንቱ አማቴ ቤት ማደሬ ነው።

ደምሴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን ሳላስበው ደስ ብሎኛል።